በአንድ እጅ ጽሑፍ የተከሰሰ ሰፈር

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ዘረፋ የለበትም፣ ፍቅር የለበትም፣ ከአንድ ሽማግሌ በቀር የሞተ ሰው የለበትም፤ ሽማግሌውም ቢሆኑ በዕድሜያቸው ነው የሞቱት። ዶርም አብሮኝ ለሚኖር ልጅ አንድ ቀን ነግሬው ነበር። እስከ መሀሉ ድረስ አልጋው ላይ እየተንከባለለ ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ ተቀመጠ። ከዚያ «እና አያትህን ማን ቀበራቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ረጅም ስለሆነ «ተወው፣ ፈተና አለብን» አልኩት። አሁን ፈተናው ስላለፈ ልጻፈው። አንባቢ ካልወደደው ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ አብዛኛው ጥፋት የእኔ ስለሆነ አንድ ቢጨመርበት ለውጥ የለውም።

ያን ክረምት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ነበር። ሰፈራችን ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከከተማ የሚመጣ ባጃጅ «ከዚህ በኋላ አልሄድም» የሚልበት ቦታ ላይ ነው። የምኖረው ከእናቴና ከእናቴ አባት ከአባባ እንድሪስ ጋር ነበር። ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ለምንም ሥራ አይሆንም። ማሽላ ልኮትኩት ብዬ ወጣሁና አረሙን ትቼ ማሽላውን ስነቅል ተገኘሁ፤ እናቴ መኮትኮቻውን ከእጄ ተቀብላ «ሂድ፣ ቁጭ ብለህ አንብብ» አለችኝ። የሚነበብ ነገር ስላልነበረ እጽፍ ነበር። የሰፈሩ ደብዳቤና ማመልከቻ፣ የቅሬው ማስታወቂያ ሳይቀር፣ ሁሉም በእኔ እጅ ነው የሚወጣው። ቅሬ ሰፈሩ ሙቶቹን የሚቀብርበት ማኅበራችን ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው፤ መቃብር የሚቆፍረው፣ ቃሬዛ የሚሸከመው፣ ሐዘንተኛ ቤት የሚቀመጠው ቅሬው ነው። ቅሬ የሌለው ሰው መሞት አይችልም ማለት ይቻላል፤ ቢሞትም የሚያነሳው የለም።

የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። መከራዬ የጀመረው ከዚያ ስለሆነ ነው።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ለቀበሌያችን የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ተመደበልን። ምክትል ሳጅን ደርበው ይባላል። ደጋ ያደገ፣ ቀጭን፣ ቅን ሰው ነው። የቆቦ ሙቀት ስለማይስማማው በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ቆቡን አውልቆ ግንባሩን ይጠርጋል። ሾላው ሥር ሰበሰበን።

«ከዛሬ ጀምሮ ፖሊስ ማለት እናንተ ናችሁ» አለ። «ሕዝቡ ራሱ ፖሊስ ነው።» ቆቡን አወለቀ።

«ሁላችን ፖሊስ ከሆንን» አሉ የቅሬያችን ዳኛ አያ ሙሄ፣ «የሚታሰረው ማን ሊሆን ነው?»

ሰው ሳቀ። ሳጅን ደርበውም ሳቀ። «ማንም እንዳይታሰር እኮ ነው አያ ሙሄ። እኛ ወንጀሉን ሳይፈጸም ነው የምንይዘው። ገና ቂም እያለ።»

«ቂም የምትይዝ ከሆነማ» አሉ አያ ሙሄ፣ «ጣቢያችሁ አይበቃችሁም።»

በዚህኛው ግን ማንም አልሳቀም። አያ ሙሄ ስለ ቂም ሲናገሩ ሰው ወደ መሬት ያያል። ለምን እንደሆነ አሁን ልንገራችሁ፣ በኋላ ጊዜ አይኖረኝም።

በእኛ አገር ዝናቡ ተራራው ላይ ይዘንባል፤ ከታች ያለነው የቆላ ሰዎች የምናርሰው ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ በድንጋይና በአፈር ክትር ጠልፈን ወደየማሳችን እያስገባን ነው። የሰው ክትር ያፈረሰ የሰውየውን ዓመት አፈረሰ ማለት ነው። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት የጋሽ ምስጋናው ክትር ፈርሶ ተገኘ። ውሃው ደግሞ አያ ሙሄ ማሳ ላይ ተንጣሎ ተገኘ። አያ ሙሄ ቁርዓን ይዘው ማሉ። ሰው «አምነናል» አለና ወደ ቤቱ ሄዶ ሳያምን ቀረ። የልጃቸው ጋብቻ ፈረሰ። ጋሽ ምስጋናው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ብለዋቸው አያውቁም። የቅሬ ዳኛ ሆነው የተመረጡትም ሥራው አድካሚ ስለሆነ ሌላ የሚፈልገው ሰው ጠፍቶ ነው።

ወደ ሳጅኑ ልመለስ። «ሰው ፊት ለፊት መናገር ይፈራል» አለና ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የእንጨት ሳጥን አወጣ። «ይህች የጥቆማ ሳጥን ናት። ስም አይጻፍም። ማን እንደጻፈው እኔም አላውቅ፣ ማንም አያውቅ።» ሳጥኗን ሾላው ላይ፣ ከቅሬው ማስታወቂያ ጎን፣ በሁለት ሚስማር መታት። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ ግን ያያያዘው ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ሳጅን ደርበው ያላሰበው ነገር፣ ከሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች አብዛኞቹ መጻፍ አለመቻላቸውን ነው።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ ዘሐራ ናቸው። ደጃችን ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«አንተ ልጅ፣ ምስጢር ትይዛለህ?»

«እይዛለሁ እትዬ።»

«በአላህ በል።»

«ወላሂ።»

«እንግዲያ ጻፍ። የሐሰን ፍየል ማሽላዬን በላች።»

«እትዬ፣ ይሄ ወንጀል ነው እንዴ?»

«ማሽላው የኔ ነው፣ ፍየሏ የሱ ናት። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ጻፍኩ። ግን ሰው ደስ እንዲለው የምፈልግ ልጅ ነኝ፤ እንዲሁ መጻፍ አልሆነልኝም። «ጉዳዩ፦ በእንስሳት አማካይነት በተደጋጋሚ የሚደርስ የሰብል ውድመትን ይመለከታል» ብዬ ጀመርኩና ትምህርት ቤት እንደተማርኩት መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አበጀሁለት። ሳነብላቸው እትዬ ዘሐራ ዕንባቸውን ጠረጉ።

«እንዲህ መበደሌን እስካሁን አላውቅም ነበር» አሉ።

በማግስቱ አያ ሐሰን መጡ። በዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ በዚያው አላህ አስማሉኝ፣ የእትዬ ዘሐራን ዶሮዎች ጠቆሙ። ከእሳቸው ቀጥሎ ጋሽ ምስጋናው መጡና አያ ሙሄ ዘንድሮም ጎርፍ ሊጠልፉ ሳያስቡ እንዳልቀረ አጻፉ። «አይተዋቸዋል?» አልኳቸው። «አላየሁም። ግን ወደ ሰማይ ሲያይ አይቼዋለሁ» አሉ። ይህንንም በመግቢያ፣ በሐተታና በመደምደሚያ ጻፍኩት። በሦስት ሳምንት ውስጥ አስራ አራት ሰው መጣ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ በር ላይ ሲገናኙ «የልጁን ውጤት ልጠይቅ ብዬ ነው» ይባባላሉ። ውጤቴ እንደዚያ ክረምት ሰው አሳስቦ አያውቅም።

ጥንቁቅ ስለሆንኩ፣ ሳጅኑ ሲያነብ እንዳይምታታበት ብዬ በየወረቀቱ ራስጌ ተራ ቁጥር ጻፍኩ። ከአንድ እስከ አስራ አራት። ከሥሩም በማስመሪያ አሰመርኩበት።

አስራ አምስተኛው ከቤቴ ወጣ። አባባ ከሐምሌ ጀምሮ አልጋ ይዘው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለ ጠሩኝ።

«እስክሪብቶህ አለ?»

«አለ አባባ።»

«እኔም ጥቆማ አለኝ።»

ሳቅሁ። «ማንን ሊጠቁሙ ነው?»

«የምስጋናውን ክትር ያፈረሰውን።»

«አያ ሙሄን?»

«ጻፍ ነው ያልኩህ። ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። አባባ ኮርኒሱን እያዩ ቀጠሉ። «ወደኛ ማሳ ላመጣው ነበር። ጎርፉ ግን እኛን አልፎ ሙሄ ጋ ገባ። ጠዋት ሰው ሲጮህ ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሙሄን ያዙት። ከዚያ በኋላ ነገው በዛብኝ።»

«ስምዎን ልጻፍ?»

«አትጻፍ። ሳጥኑ ስም አይፈልግም ብለሃል። ሙሄ እንዳላፈረሰ ብቻ ይታወቅ፣ ይበቃል።» እሳቸውም ወላሂ አሰኙኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ደግሞ አታሳምረው።»

አላሳመርኩትም። ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ ክትሩን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ ሙሄ የለበትም። ግን ተራ ቁጥር አስራ አምስት ማለትን አልተውኩም። ልማድ ነው።

ነሐሴ ላይ የውይይቱ ቀን ደረሰ። ሳጅን ደርበው ሳጥኗን ቀደም ብሎ ከፍቶ አንብቧል። ፊቱ ያዘነ ሰው ፊት ነበር።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ሰፈራችሁ ሰላም ይመስለኝ ነበር። ግን በመካከላችሁ አንድ ሰው አለ። አንድ ሰው ብቻውን አስራ አምስት ጥቆማ ጽፎ ጎረቤቱን በሙሉ ከሷል። በተራ ቁጥር!» ቆቡን አወለቀ። «ይዘቱን አልናገርም፣ ሕጉ አይፈቅድም። ጽሑፉን ብቻ እዩት» ብሎ አንዱን ወረቀት ከፍ አደረገ።

ከፍ ያደረገው ከቅሬው ማስታወቂያ አጠገብ ነው። ሰዉ ወረቀቱን አየ። ከዚያ ማስታወቂያውን አየ። ከዚያ እኔን አየ።

ከሁሉ በላይ የጮኹት እትዬ ዘሐራ ናቸው። «ወይ ጉድ! እጃችን ላይ ያደገ ልጅ!» አያ ሐሰን ቀጠሉ፤ «ውጤቱ ቢመጣለት እኮ ዳኛ ሆኖ ይጨርሰን ነበር!» ጋሽ ምስጋናው በዱላቸው መሬቱን እየወጉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማን ምን ያህል እንደሚጮህ በማየት ብቻ ማን እንዳጻፈኝ መለየት ይቻል ነበር። አፌን ልከፍት ስል አስራ አራት ሰው በዓይኑ ለመነኝ። ወላሂ ብያለሁ። አስራ አምስት ጊዜ ወላሂ የሚያስብል ሁኔታ ነው። ዘጋሁት።

«አንድ ጥቆማ ግን ማንንም ስለማይከስ ላነበው እችላለሁ» አለ ሳጅን ደርበው፣ ነገሩን ሊያበርደው ፈልጎ። አስራ አምስተኛውን አነበበ።

አያ ሙሄ ተነሱ። «ድገመው» አሉ።

ደገመው።

«አሁንም ድገመው።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነበው የሳጅኑም ድምፅ ተቀይሮ ነበር። አያ ሙሄ ወደ እኔ መጡ። «አንተ፣ ያኔ ስንት ዓመትህ ነበር?»

«ሰባት።»

«እንግዲያ አንተ አይደለህም። ማን ነው ያጻፈህ?»

«ያጻፈህ?» አለ ሳጅን ደርበው። የገባው ያኔ ነው። ወረቀቶቹን አየ፣ ሰዉን አየ፣ መልሶ ወረቀቶቹን አየ። አስራ አራቱ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ የሚፈልጉት ነገር ነበራቸው።

«ምስጢር ነው አያ ሙሄ» አልኩ። «ምያለሁ።»

«እኔም ምዬ ነበር» አሉ። «አስራ አንድ ዓመት።»

በማግስቱ አያ ሙሄ አውጫጭኝ ጠሩ። አውጫጭኝ የቆየ ደንብ ነው። ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በተራ ይጠየቃል፤ ስም እስኪወጣ ድረስ ወደ ሥራ የሚሄድ የለም። ሳጅን ደርበው ሊቃወም ሞከረ። «ይህ የፖሊስ ሥራ ነው» አለ።

«አንተ አይደለህ ወይ ፖሊስ ማለት እናንተ ናችሁ ያልከን?» አሉት አያ ሙሄ። ቆቡን አውልቆ ከእኛው ጋር ተቀመጠ።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ማሽላውን አረም ዋጠው፤ ይህን የሚጠቁም ሳጥን አልነበረም። ሁሉም በተራው «አላየሁም፣ አልሰማሁም» አለ። የእኔ ተራ ሲደርስ «አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም» አልኩ፤ ይህ መልስ በአውጫጭኝ ታሪክ ተሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። አባባን ማንም ለመጠየቅ አላሰበም። «እሱስ ታሟል፣ አታስቸግሩት» አሉ። በሦስተኛው ቀን አያ ሙሄ ተነስተው ፈረዱ። ልጁ ስሙን እስኪናገር ቤቱ ከቅሬ ታግዷል። ቤታችን ሰው ቢሞት የሚመጣ የለም።

እናቴ ያን ቀን አላናገረችኝም። ወደ አባባ አልጋ ብቻ አየች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት ግራ ያጋባል። በመንገድ ላይ ሰላም የሚለን የለም። ባጃጅ ነጂው እንኳ «ከዚህ በኋላ አልሄድም» የሚልበትን ቦታ ከቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ ወደ ኋላ መለሰው። በጓሮ በኩል ግን ቤታችን እንደዚያ ሰው በዝቶበት አያውቅም። እትዬ ዘሐራ በቁልቋሉ ሥር ጎንበስ ብለው ወተት ያመጣሉ። «አደራ፣ ስሜን እንዳታነሳ። ለሽማግሌው ስጥልኝ» ይሉና አስፋልቱ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ያዞራሉ። አያ ሐሰን የፍየል ሥጋ አመጡ፤ ያችው ፍየል መሆኗን ጠርጥሬያለሁ። ጋሽ ምስጋናው ምንም አላመጡም፤ አጥሩ ሥር ትንሽ ቆመው ሄዱ። ሳጅን ደርበውም በዋናው በር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ መጣና ይቅርታ ጠየቀኝ። «ስልጠና ላይ ይሄ አልተነሳም» አለ።

አባባን «ልንገራቸው?» አልኳቸው።

«እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም። የሙሄን ፊት ማየት አልችልም።»

«ታዲያ ማን ሊቀብርዎት ነው?»

«ያኔ እኔ የለሁም» አሉ። «እሱ ያንተ ችግር ነው።» ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉም ብዙ ቆየ። ሲያበቃላቸው እጄን ይዘው «በድዬሃለሁ» አሉኝ። ከዚህ በፊት ትልቅ ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። «ምንም አይደል» አልኩ። ምንም አይደል አልነበረም።

ጳጉሜን ውስጥ፣ ጎህ እንደቀደደ፣ አረፉ። እናቴ ጮኸች። እንደ ወትሮው ቢሆን በዚያ ጩኸት ላይ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ያን ቀን አንድ ውሻ ብቻ ነው የመለሰላት።

አካፋ ይዤ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ወዳለው መቃብር ወረድኩ። አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ ከብዷል። ጉልበቴ ማሽላ ለመኮትኮት ያልበቃ ነው፤ የሰው ልክ ጉድጓድ ግን መቆፈር ነበረብኝ፣ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በፊት። እስከ ጉልበቴ ሳልደርስ እጄ ተላጠ። ዶማ የያዘ ሰው ከጎኔ ቆመ። ሳጅን ደርበው ነው፤ ሸሚዙን ሰብስቧል።

«ዛሬ ተረኛ አይደለሁም» አለና ገባ።

ትንሽ ቆይቶ አያ ሐሰን መጡ። «በዚህ ሳልፍ ነው» አሉ፤ ትከሻቸው ላይ አካፋ ነበር። ቀጥሎ ሌላው «ከብት ጠፍቶብኝ ነው» ብሎ ዶማ ይዞ መጣ። ጋሽ ምስጋናው ምንም ምክንያት አልሰጡም፤ ዱላቸውን አስቀምጠው ድንጋይ መልቀም ጀመሩ። ከላይ ደግሞ እትዬ ዘሐራ፣ በጓሮ ሳይሆን በዋናው በር፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ አየሁ። ሌሎች ሴቶች ተከተሏቸው። የመጣ ሁሉ ቀድሞ የመጣውን ሲያይ ይደነግጣል። ከዚያ ይገባዋል። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ይቆፍራል። እኔ ለአንድም ሰው ያልነገርኩትን እግራቸው ነገረ።

አያ ሙሄ ቤቱም መቃብሩም በሚታይበት ቦታ፣ ግራሩ ሥር፣ ብቻቸውን ቆመው ነበር። ሬሳው ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ ተሰግዶበት ወደ መቃብሩ በቃሬዛ ሲወርድም እዚያው ናቸው። ከዚያ ቀስ ብለው መጡና ሳጅኑን ጠሩት።

«እዚህ ስንት ናቸው?»

«ከእኔና ከልጁ ሌላ ዘጠኝ።»

«ቤትስ?»

«አምስት ሴቶች።»

«ወረቀቱ ስንት ነበር?»

ሳጅን ደርበው ቆቡን አወለቀ። ግንባሩን ግን አልጠረገም። «አስራ አምስት» አለ።

አያ ሙሄ ቃሬዛውን አዩ። አስራ አምስተኛው እሱ ላይ ተኝቷል። «ሬሳውን ይዛችሁ ተመለሱ» ቢሉ የሚቃወማቸው አልነበረም። ጫማቸውን አወለቁ። ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፤ ሬሳውን ከታች ሆኖ የሚቀበለው የቅርብ ዘመድ ነው፣ እኔ ነበርኩ መግባት የነበረብኝ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«በሉ ስጡኝ» አሉ። «ቀስ አድርጋችሁ።»

አወረድንላቸው። አስተኝተውት ፊቱን ወደ ቂብላ ሲያዞሩ ምን እንዳሉት ከላይ አልሰማነውም። ጥቂት ቃል ነበር። ሲጨርሱ ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ ብቻቸውን መውጣት አቃታቸው። ጋሽ ምስጋናው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሰጧቸውና ሳቡ። አያ ሙሄ ከወጡ በኋላ እጁ ወዲያው አልተለቀቀም። ከዚያ ሁላችንም አፈር መለስን።

እኔ የማለቅስበት ጊዜ አላገኘሁም ነበር። በዚያው ቀን ማምሻ ሳጅን ደርበው ሳጥኗን ከሾላው ነቅሎ፣ የጥቆማዎቹን መዝገብ በብብቱ ይዞ ቤታችን ሲመጣ ነው ለቅሶው የመጣብኝ። አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ መዝገቡን ከፍቶ ሰጠኝ። ከገጹ ግርጌ «ጉዳዩ የተዘጋበት ቀን» የሚል ባዶ መስመር ነበረ።

«አንተ ጻፈው» አለ። «ያንተ ይነበባል።»

እጄ ተላጦ ስለነበር እንደ ወትሮው አላማረም። ግን ይነበባል፦ ጳጉሜን 4 ቀን 2005 ዓ.ም.